አንድ ትርፍ ግንድ

አባቴ ሙርዛቃን፣ አጎቴ ቢሙርዛ፣
ቃል ብርቅ ሆነባቸው፣ እንደ ጨው የሚገዛ።
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በአንድ ግንብ ጥላ ስር፣
"እንደምን አደርክ" የለም፣ "ደህና እደር" የለም፣ ከበር እስከ በር።

ጠቡ የሣር ነበር፤ ከወንዝ ማዶ ያለች አንዲት የመስክ ቁራሽ፣
ላም ውላባት ርቧት የምትገባ፣ ለጠብ እንኳ ትንሽ።

ኅዳር ሲጋመስ ግን በስቫኔቲ፣ የወንዙ ዳር ሲነጣ፣
ምድጃ ኩርፊያ አያውቅም፤ "እንጨቴን" ይላል፣ ከየትም ይምጣ።
አባቴ አንድ በሬ አለው፤ ኒሻ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለበት።
አጎቴም አንድ አለው፤ ላባ፣ ቀንዱ የዞረ፣ ግራ ዓይኑ የጠፋበት።
ጋሪያችን ጎማ የለውም፤ በሁለት ቆልማማ እንጨት በረዶ ላይ ይንሸራተታል፤
ቀንበሩ ሁለት አንገት ይፈልጋል፤
መጋዙም ባለ ሁለት እጀታ ነው፤
አያቴ ሲገዛው ምን እንዳሰበ ማን ያውቃል።

በማለዳ ወጣን። እኔ ከፊት፣ ስንቅና ገመድ ተሸክሜ፤
ከኋላዬ አራት ጫማ፣ ሁለት ዝምታ፤ ዞር እላለሁ ደጋግሜ።

አባቴ የጥዱን ቅርፊት በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤
አጎቴ ቀና ብሎ ጫፉን አየ፣ የሚወድቅበትን ፈለገ።
ከዚያ ተንበረከኩ፣ ፊት ለፊት፣ ዛፉ በመካከል፣
እንደ ቄስና እንደ ንስሐ ልጅ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን መለየት አይቻል።

መጋዝ ሕግ አለው፦ ትስባለህ እንጂ አትገፋም፤
ተራው ሲሆን ትለቅለታለህ፤ ያን ጊዜ ስለቱ አይጎብጥም፣ ግንዱም አይከፋም።
ሳበ። ለቀቀ። ሳበ። ለቀቀ። ብናኙ በረዶው ላይ እንደ በሶ
ተቆለለ፤ የአባቴ ትንፋሽ ከአጎቴ ትንፋሽ፣ በአንድ ጉም ተለውሶ።
አስራ አንድ ዓመት ያላወሩትን ያ ዝገት የነካው ብረት
"ላንተ፣ ላንተ" ሲል ዋለ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ዳኝነት።

ዛፉ አንዴ አቃሰተና ሄደ። የቅርንጫፉ በረዶ፣ እንደ ዘገየ ለቀስተኛ፣
ከሁሉ በኋላ መጣና ትከሻችን ላይ ተኛ።

ከዚያ መጎማመድ፣ ከዚያ መጫን፤ ወፍራሙን ከታች፣ ቀጭኑን በላዩ፤
ቋጠሮውን አጎቴ፣ ማጥበቁን አባቴ፣ ሳይተያዩ።

ነገር የተበላሸው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጥላ ያደረበት መንገድ
መስታወት ሆኗል፤ ጋሪው በሬዎቹን ከኋላ ይገፋ ጀመር፣ ወደ ገደሉ ሊወስድ።
ኒሻ ጉልበቱ ታጠፈ። ላባ፣ በታወረው ዓይኑ በኩል፣ ገደሉን አላየም።
ገመዱ ሁለቱን ይጎትታል፤ የማንም ተረከዝ መሬት አልያዘም።

"ያዝ!"

"ያዝኩ!"

ይኸው ነው። የቱ ቃል የማን እንደነበር አልለየሁም፤
ድምፃቸው ያን ያህል አንድ መሆኑን እስከዚያ ቀን አልሰማሁም።
አጎቴ ዱላውን ከጋሪው እግር ስር ወሸቀ፤ በረዶው ጮኸ፤ ጋሪው ቆመ።
በሬዎቹ ተነፈሱ። አባቴ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመ።

ማታ ደጃፍ ላይ ተካፈሉ። አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ፤ አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ፤
አስራ አንድ፣ አስራ አንድ። አንድ ጉማጅ ተረፈ፤
ያለ ባለቤት ቀረ፣ በሁለቱ በር መሃል፣ እዚያ።

"ውሰደው" ማለት ቃል ይፈልጋል። "ልውሰደው" ማለትም ያው ነው።
ስለዚህ በረዶ ሸፈነው፤ ነፋስ ገለጠው፤ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ጎበኘው።
እናቴ የካቲት ላይ፣ እንጨታችን ሲያልቅ፣ በመስኮት አየችው፣ አየችው፤
ሄዳ ሦስት እግር የቀረውን በርጩማ ማገደች፤ እሱን ግን አልነካችው።

መጋቢት ላይ ፀሐይ ወጣች። ጣራው እየተንጠባጠበ
አባቴ ወጥቶ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። አጎቴ ወጣ፤ ቆመ፤ አሰበ፤
ተቀመጠ እሱም፣ ጀርባ ለጀርባ፤ አንዱ ወደ ወንዙ፣ አንዱ ወደ ተራራው።

"እርጥብ ነው" አለ አንዱ።

ከጣራው ስምንት ጠብታ ቆጠርኩ።

"ለከርሞ ይደርቃል" አለ ወንድሙ፣ በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ግንዱን።